ሲስተር ስንት ሰዓት

የሲስተር ሉቺያን ሞት የሰማሁት ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ፣ የአንጋጫ መኪና እስኪሞላ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ነው። የምሄደው እሷኑ ልጠይቅ ነበር። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጫለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የአንጋጫ ሰው ማንን ልጠይቅ እንደምሄድ ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠና «እትዬ፣ አልሰሙም እንዴ? ቅዳሜ ቀበርናት እኮ» አለኝ።

ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲነገረው «ወይኔ» ይላል፣ ደረቱን ይመታል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «ስንት ሰዓት ላይ?» የሚል ነው። ሰውየው ግራ ገባውና «ቀብሩ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለ። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ፣ ብርቱካኑም ከጉልበቴ ላይ ተንከባለለ፤ ተሸካሚዎቹ ለቃቅመው ሰጡኝ። ሴትዮዋ ነካ አድርጓታል ሳይሉ አልቀሩም። ሲስተር ሉቺያን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ስላልሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት። ለቅሶ ቤት ደርሼ የሚለቀሰውን አልቅሻለሁ። እዚህ ግን በለቅሶ ድምፅ ልጽፍላት አልችልም፤ እሷ ራሷ በዝግታ የተናገረችበትን ቀን አላስታውስም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የቦኖሻ ልጅ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን ሆሳዕና ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሲስተር ሉቺያ ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ሲስተር የምንላት በሙያዋ እንጂ መነኩሲት ሆና አይደለም። ካቶሊክነቷስ የለየለት ነበር፤ ግን ባልም አራት ልጆችም ነበሯት። አጭር ናት፣ ስትራመድ የምትሮጥ ትመስላለች፣ ሳቋ ደግሞ ከመርፌ ክፍል ተነስቶ እኛ ክፍል ድረስ ይገባል። ሳቋ በተሰማ ቁጥር ተማሪዎቼ «ሲስተር ሰው ወጋች!» ብለው ይንጫጫሉ።

በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቱ መባል አትወድም። «አንቱ ስትለኝ ወገቤን ያመኛል» ትለኝ ነበር። ልብ በሉ፣ «ስትለኝ» ያለችው እኔን ሴቷን ነው። ሲስተር ከከምባትኛ ወደ አማርኛ ስትሻገር ወንድና ሴቱን ማዶ ትታው ነው የምትመጣው። እኔ «አንተ» ነኝ፤ ጢማሙ የጤና ጣቢያ ዘበኛ «አንቺ» ነው። እኛ የሀዲያ ልጆችም በአማርኛ የምንመጻደቅ አልነበርንምና አብረናት እንስቃለን። አንድ ነገር ግን ሁሉም ያውቃል፦ ሲስተር ከልቧ ስትቆጣ አማርኛዋ ቀጥ ይላል። አንተው አንተ፣ አንቺዋ አንቺ፣ እርስዎም እርስዎ ይሆናሉ። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ የሚፈራው ስድቧን ሳይሆን ሰዋስዋን ነበር።

ሰላም ስትልህ እጅህን ቶሎ አትለቅም። በአውራ ጣቷ የጣቶችህን አንጓ አንድ በአንድ እየነካካች ስለ እናትህ፣ ስለ ላምህ፣ ስለ ጎረቤትህ ትጠይቃለች፤ ወሬ መስሎህ ስታወራ እሷ መርምራህ ጨርሳለች። ሌላው ሐኪም «ምንህን ነው የሚያምህ?» ይላል። የሲስተር ጥያቄ ሌላ ነው። «ስንት ሰዓት ላይ?» ትላለች። «የት እንዳመመህማ ዓይኔም ያያል። በሽታ ሰዓት አለው። ሰዓቱን ስጠኝ፣ ስሙን እሰጥሃለሁ።» ከተማው ሁሉ «ሲስተር ስንት ሰዓት» ይላት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን እኔው ባለሁበት አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው መጡ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚብስባቸው ስትጠይቃቸው «እሑድ እሑድ ጠዋት» አሉ። የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራበት ሰዓት ነው። ሲስተር ግራ ቀኟን አየችና ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት «ይሄማ እኔንም ያመኛል፤ መድኃኒቱ ገና አልመጣም» አለች። በረንዳ ላይ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ሳቁን ዋጠ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ምሕረት ልምጣ።

ምሕረት ተማሪዬ ነበረች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አባቷ አቶ ኤርጫፎ አናጢ ናቸው። ቀድሞ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋ መጋዝ አነሱ። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» በሉ ሲባሉ ከሁሉም በላይ ያለው ሌላ ነው ብለው፣ እጄንም አልጨብጥም ብለው ስምንት ወር ታስረው ወጥተዋል። ያኔ ጴንጤ የሚለው ስም ስድብም ክስም ነበር።

በእኔ መዝገብ ውስጥ ምሕረት «ሰነፍ» ነበረች። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። ጠዋት ከሁሉም ኋላ ትመጣለች። ስጠራት ዴስኩን ተደግፋ እንደ ባልቴት ቀስ ብላ ነው የምትነሳው። እርሳስ ይወድቅባታል። ከዕረፍት በኋላ ግን ሌላ ልጅ ናት፤ ትጽፋለች፣ ከሰዓት በኋላማ ገመድ ይዛ ትዘላለች። እኔም ሲያሻት የምትሠራ፣ ሳያሻት የምትለግም ልጅ ናት ብዬ ፈረድኩ። በኋላ እንደሰማሁት፣ እናቷ ጣቷና ጉልበቷ ማበጡን አይታ ወጌሻ ዘንድ ወስዳት ነበር። እሱ ወለምታ ነው ብሎ ሦስት ቀን ሲያሻትና ሲጎትታት ሰነበተ፤ እብጠቱ ባሰ። ቁርጥማት ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ቁርጥማት የሽማግሌ ነዋ!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ይዘመራል፣ ከዚያ መፈክር ነው። መፈክሩ ሲጠራ ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ይነሳል። ያ ሁሉ ተማሪ ጨብጦ ሲያነሳ ምሕረትም ታነሳለች፤ የእሷ ግን አይጨበጥም። ጣቶቿ ትንሽ ጎበጥ ብለው መዳፏ እንደተከፈተ ይቀራል። ጴንጤዎች ሲጸልዩ እጃቸውን እንዴት እንደሚዘረጉ ደግሞ አገር ያውቃል። ከዚያ ሁሉ የተጨበጠ እጅ መካከል አንዲት የጸሎት እጅ ብቻዋን ቆማ ትታይ ነበር።

ያያት ሰው ጓድ በላቸው ነው፤ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተል ካድሬ፣ ገና ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስት ጠዋት ቆሞ አየና ማክሰኞ ዕለት ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ተማሪዋ በአባቷ ቅስቀሳ መፈክር ላይ እጇን ለመጨበጥ እምቢ ማለቷን፣ ከትምህርት ቤት እንድትሰናበት፣ አባቷም እንዲያዝ ይላል። ከሥር የክፍል ኃላፊ መምህርት የምትፈርምበት ቦታ አለው።

«ምናልባት አልቻለች ይሆናል» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ጓድ መምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ገመድ ይዛ ስትዘል አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ገመድ የጨበጠች መፈክር ላይ መጨበጥ ያቅታታል? ዓርብ ጠዋት ፈርመሽ ታመጪልኛለሽ።»

እውነቱን ነበር፤ እኔ ውሸት የማያስፈልገኝ ምስክር ነበርኩ። ያየሁትን ብቻ ብናገር ልጅቷ ከትምህርት ትባረራለች፣ አባቷም እንደገና ይታሰራሉ። ማክሰኞ አልተኛሁም። ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ጉሮሮዬን ግን ምንም አላመመኝም።

ሲስተር እጄን ያዘች። «አንተ ምን ሆነሃል? እጅህ በረዶ ነው» አለችኝ። በቃ፣ ዘረገፍኩላት። የመጣብኝን ጣጣ፣ ወረቀቱን፣ ዓርብን፤ ከሁሉም በላይ ግን ልጅቷን ወቀስኩ። «ሰነፍ ናት፤ ስታሾፍብኝ ነው እንጂ ስትፈልግ ትችላለች» አልኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሰንፈው?»

«ማ? ምሕረት? ጠዋት ነዋ። እስከ ዕረፍት። ከዚያ በኋላማ...»

አልጨረስኩም። ሲስተር ወንበሯን ገፍትራ ተነሳች። «ሰነፍ ሰዓት የለውም!» አለች። «ሰነፍ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰንፈው። ሰዓት ያለው በሽታ ነው! ተነስ፣ አሳየኝ!» ብብቱ ውስጥ ቴርሞሜትር የያዘውን ገበሬ «አንቺ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ብላው በሩን በርግዳ ወጣች። እኔ ከኋላዋ እሮጣለሁ፣ ከእኔ ኋላ ተራ የያዙ ሁለት ሴቶች ምን ተፈጠረ ብለው ይሮጣሉ። ያ ገበሬ ቴርሞሜትሩን እንደያዘ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ እንደጠበቃት በኋላ ሰምቻለሁ።

ምሕረት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ሲስተር መሬት ላይ ተንበረከከችና ሁለቱንም እጆቿን ያዘች። በአውራ ጣቷ አንጓዎቹን ነካካች፣ አንጓው ባበጠበት ሁሉ ቆም እያለች። የእጅ አንጓዋን አጠፍ ለማድረግ ሞከረች፤ አልታጠፈም። የራሷን መዳፍ በልጅቷ ግራ ጉልበት ላይ፣ ከዚያ በቀኙ ላይ አደረገችና «አንተም ንካው» አለችኝ። ግራው አብጦ ይሞቅ ነበር። ልጅቷን ስድስት ወር ሙሉ ሳስተምራት አንድ ቀን እንኳ ጉልበቷን አላየሁም።

«ያምሃል?» አለቻት።

«አያመኝም።»

«እሺ አያምህም። ጠዋት ስትነሳ ጣቶችህ ምን ይሉሃል?»

ምሕረት ወደ እኔ አየች፣ ወደ በሩ አየች። ከዚያ «እኔ እነሳለሁ፤ እነሱ ግን ተኝተው ይቆያሉ» አለች።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዕረፍት።»

ሲስተር የራሷን ጭን በጥፊ መታች። ያን ፊቷን አሁንም አየዋለሁ፤ የጠፋ በግ ያገኘ ሰው ደስታ ነበረው። እኔ ደግሞ አላስችል አለኝና «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ተንበርክኬ ጆሮዬን ሰጠኋት።

«አባዬ ‹እጅሽን እንዳትጨብጪ የያዘው ጌታ ነው› አለኝ። ጎበዝ አለኝ።»

ለካስ አቶ ኤርጫፎ ልጃቸው በመፈክር ላይ እጇን እንደማትጨብጥ ከጎረቤት ልጆች ሰምተው ነበር። እሳቸው ስምንት ወር የታሰሩበትን እምነት ትንሿ ልጃቸው በሰው ሁሉ ፊት የመሰከረች መስሏቸው፣ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ባርከዋታል። አስተማሪዋ ሰነፍ ያለቻት፣ ወጌሻው አልቃሻ ያላት ልጅ በመጨረሻ ጎበዝ የሚላት ሰው አገኘች፤ ያውም አባቷን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን ሕመሟን የደበቀችው ምርቃቷን እንዳትነጠቅ ነበር።

ስንወጣ ሲስተር ምን እንዳየች ነገረችኝ። አዲስ አበባ ስትማር የልጆች ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች አይታለች። «የልጆች ቁርጥማት ነው» አለችኝ። እኔም «ቁርጥማት የሽማግሌ አይደለም እንዴ?» አልኳት። «ቁርጥማት የልደት ወረቀት አይጠይቅም» አለች። እንደ አስረዳችኝ ከሆነ ብርድ ያመጣው አይደለም፣ ቡዳም አይደለም፤ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን መገጣጠሚያ ይደበድባል። ሌሊት ሲያድር ይደርቃል፣ ሲንቀሳቀሱና ሲሞቅ ይላላል። ዝም ከተባለ መገጣጠሚያው በዚያው ተጣሞ ይቀራል፤ ዓይንንም ሳያሳምም ቀስ ብሎ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። «ቶሎ ለሐኪም መታየት አለበት» አለች። እንግዲህ ዓርብን ማለፍ ነበረብን።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አቶ ኤርጫፎ የሚሠሩበት ቤት ሄድን። ጣውላ እየላጉ ነበር። ሲስተር ስለ ልጃቸው ሕመም ስትነግራቸው በትሕትና ሰሟትና «ሲስተር፣ አንቺ ካቶሊክ ነሽ፤ ይሄ ላይገባሽ ይችላል። የእምነት ነገር ነው» አሏት።

«ካቶሊክ ነኝ፤ ሰዓት ግን ማንበብ እችላለሁ» አለች። «እስቲ ንገሪኝ አቶ ኤርጫፎ። ልጅሽ ሁለት ሰዓት ላይ ያምናል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይክዳል? እምነት በዕረፍት ሰዓት ይለቃል እንዴ?»

አቶ ኤርጫፎ መላጊያውን አስቀመጡ። ጣውላው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አዩ። «ጠዋት ቀሚሷን ስትለብስ ስታቃስት እሰማታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እጸልይላት ነበር፤ እንድትጸና። እኔ ለካ ሕመሟን ነው ስባርክ የከረምኩት።» ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሰበር አይቼ አላውቅም ነበር። ሲስተር አላባበለቻቸውም፤ እጃቸውን ያዘችና «ለነገሩ ምርቃቱን አትውሰጂበት፤ ጎበዝ ነው። በዚህ ጉልበት እኔ ትምህርት ቤት አልሄድም ነበር» አለቻቸው።

ዓርብ መጣ። ወረቀቱ ሳይፈረም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰንደቅ ተሰቀለ፣ ተዘመረ፣ መፈክሩ ተጠራ፣ ያ ክፍት እጅ ተነሳ። ጓድ በላቸው ወደ እኔ መራመድ ሲጀምር የአጥሩ በር ተበረገደ። ሲስተር ሉቺያ ናት። ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው ሁለት ፔርሙስ ይዛ በተማሪዎቹ ሰልፍ መሃል ሰንጥቃ መጣች። ሰልፉ እስኪፈርስ እንኳ አልጠበቀችም።

«ጓድ በላቸው፣ እርስዎ ይምጡና ይህችን እጅ ይጨብጡልኝ» አለች።

እርስዎ! ይህችን! ጢማሙ የጤና ጣቢያ ዘበኛ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያይ ነበር፤ ይህን ሲሰማ አጥሩን ለቆ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ጓድ በላቸው ሰው ሁሉ እያየው ስለነበር እምቢ ማለት አልሆነለትም። የምሕረትን እጅ ያዘና ጣቶቿን ወደ ውስጥ ገፋ። አልታጠፉም። ትንሽ ጨመረ። ምሕረት አልጮኸችም፤ ከንፈሯን ነከሰች፣ እንባዋ ግን ዱብ ዱብ አለ። እሱም በድንገት እጁን አነሳ። «ትኩሳት አላት እንዴ?» አለ።

«የሚነደው መገጣጠሚያዋ ነው። አሁን በሞቀ ውሃ እንነክረዋለን። እርስዎ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሱና ያንኑ እጅ እንደገና ይይዙታል።»

«ሥራ አለብኝ።»

«በሽታውም ሥራ አለበት፤ ሰዓቱን ግን ያከብራል። እርስዎም ያክብሩ።»

አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ! አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ምሕረት የጓድ በላቸውን ጠቋሚ ጣት በአራት ጣቶቿ ጨበጠች። አውራ ጣቷ ወደ ውጭ ቀረ፤ የቀረው ግን ተጨበጠ። ያችው እጅ፣ በዚያው ቀን። ሲስተር ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓትና አምስት ሰዓት ተኩል ብላ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጓድ በላቸው እጁን ሳይስብ ልጅቷን ቆይቶ አያትና ዓይኑን ሰበረ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን አልተነገረኝም?» አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ ብለው ጠየቁ?» አለችው።

የእኔን ወረቀት ከእጄ ወስዶ አጥፎ ኪሱ ከተተ። የሐኪም ማስረጃ እንዲመጣ፣ እስክትድን ድረስም እጇን በመጨበጥ ጉዳይ ማንም እንዳይጠይቃት አዘዘ። በር ላይ ደርሶ ግን ዞር አለ። «ስትድን እንደ ማንኛውም ተማሪ ትጨብጣለች» አለ።

ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሰጠና አቶ ኤርጫፎ ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሲስተርም ፈቃድ ወስዳ አብራ ተሳፈረች። ሐኪሙ ደሟን አስመረመረ፣ ሌላ በሽታ አለመሆኑን አረጋገጠና ሲስተር ያለችውን ስም ሰጠው። ዓይኗ ደህና ነበር፤ በየጊዜው እንዲታይ ተባለ። መድኃኒቱ አስፕሪን ሆነ፤ እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ያው አስፕሪን፣ ግን በክብደቷ ተለክቶ፣ በቀን ተከፋፍሎ፣ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር። ሲስተር ለምሕረት «ጆሮህ ውስጥ ንብ የገባ ከመሰለህ፣ ካስመለሰህ፣ ሮጠህ ወደ እኔ!» ብላ አስጠናቻት። አንድ ቀን እውነትም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «እትዬ፣ ንቦቹ መጡ!» ብላ ተነሳች። ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ እሷ አጥሩን ዞራ ጤና ጣቢያ ደርሳለች። መጠኑ ተቀነሰላት።

አቶ ኤርጫፎ ሌሊት እጇ ተጣሞ እንዳያድር ከዋንዛ እንጨት መደገፊያ ጠርበው፣ ጥጥ አልብሰው ሠሩላት። ንጋት ላይ ውሃ የሚያሞቁት እሳቸው ናቸው። ሲስተር በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስታልፍ በራቸው ላይ ቆማ «ጨብጥ! ፍታ! ጨብጥ! ፍታ!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይነቃ ነበር። እኔም የጽሕፈት ክፍለ ጊዜን ከዕረፍት በኋላ አደረግሁት፣ ምሕረትንም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። መዝገቤ ላይ ያለውን ቃል በምላጭ ፍቄ አጠፋሁት፤ ወረቀቱ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ።

እጇ መላላት ሲጀምር አቶ ኤርጫፎ ጤና ጣቢያ መጡ። እኔም ነበርኩ። ባርኔጣቸውን እያሻሹ ቆዩና «ሲስተር፣ ከዳነች ትጨብጣለች ማለት ነው» አሉ።

«አዎ።»

«መፈክር ላይ።»

«አዎ። ካልፈለግሽ አስፕሪኑን ተዪ፣ ውሃውንም አታሙቂ። እጁ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ማንም አያስገድደውም» አለች። ስትናገር ዓይናቸውን ነበር የምታየው። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን በጥፊ እመታት ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ሲስተር ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሳቋ አልተሰማም፤ ሁለት ጊዜ መርፌ ሳተች። በማግሥቱ ጠዋት በራቸው ላይ ስናልፍ አቶ ኤርጫፎ ትልቅ ድስት ውሃ እሳት ላይ ጥደው ተቀምጠው ነበር። «እጇን የሰጣት ጌታ ነው፤ ይዳንላት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ምን እንደምታነሳበት እሷና እሱ ይወቁ።»

በተአምር አልዳነችም። ክረምት ሲገባ ጉልበቷ እንደገና አበጠ፤ ሁለት ሳምንት ታዝላ መጣች። ሲስተር ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ ተናደደች፤ በዝናብ ውስጥ እየሮጠች ለጉልበቷ «እናያለን!» ትለው ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ምሕረት አራተኛ ክፍል ገብታ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰንደቅ ሊሰቀል ተሰለፍን። ጓድ በላቸው ባንዲራው ሥር ቆሟል። አጥሩ ማዶ ሲስተር ሉቺያና አቶ ኤርጫፎ ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው። መፈክሩ ተጠራ፣ ግራ እጆች ተነሱ። የምሕረትም ተነሳ። መዳፏ ክፍት ነበር። ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ጓድ በላቸው አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላ ዞረ።

ወደ አጥሩ ስመለከት አቶ ኤርጫፎ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እጄን አልጨብጥም ብለው ስምንት ወር የታሰሩ ሰው ልጃቸው ጨብጣ ስታነሳ ቆመው አዩ። ሰልፉን ትቼ ሮጥኩ። «አይዞዎት፣ ልጅ ናት፤ እግዚአብሔር ልቧን ያያል» አልኳቸው። ሲስተር ክንዳቸውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ እሷም አፍንጫዋን በጋወኗ እጅጌ ትጠርጋለች።

አቶ ኤርጫፎ ባርኔጣቸውን ከፊታቸው አነሱ። እየሳቁ ነበር።

«አየሽ መምህርት?» አሉኝ። «አውራ ጣቷ ገባ እኮ። አውራ ጣቷም ገባ።»